ላስት ኔም፣ ዚፕ ኮድ እና ሌሎች የሌሉን ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት በር ላይ «የኦንላይን ፎርም እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ስማርት ስልክ የያዘ፣ ቴሌግራም ላይ ውሎ የሚያድር ወጣት ለአጭር ልቦለድ ወይም ለንግድ ሐሳብ ውድድር ሲመዘገብ ከፍሎ ያስሞላል። ስንፍና አይደለም። ራሱ ሞክሮ፣ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶበት፣ ቀዩ ጽሑፍ ምን እንደሚል ሳይገባው ቀርቶ ነው። ሞይው ደግሞ ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ «ላስት ኔም የቱን ልበልልህ?» ይለዋል። «የአባቴን... ቆይ፣ አይ፣ የአያቴን በለው።»

አዘጋጆች የተመዝጋቢው ቁጥር ሲያንስባቸው ኔትወርኩን ይወቅሳሉ። ኔትወርኩ የራሱ ኃጢአት አለበት፤ እንደርስበታለን። ሰውን በብዛት የሚጥለው ግን ፎርሙን የሠራው ባለሙያ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም» እያለ የደረደረው ማጣሪያ ነው። ፎርሙ ውድድሩ የማያስፈልገውን ይጠይቃል፤ የጠየቀውንም በሌላ አገር ልክ ይሰፍራል። ስለዚህ ፎርም ማሻሻል ሲባል ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ይበዛዋል።

ከስም እንነሳ። እኛ ዘንድ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ሲቀርቡ አንዱ የአባቱን ያስገባል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሌላው የአባቱንና የአያቱን አንድ ላይ። ችግሩ የሚታወቀው ሽልማት ሊሰጥ ሲሉ ነው፤ መታወቂያው ላይ ሦስት ስም፣ መዝገቡ ላይ ሁለት፣ ያውም መሃለኛው የተዘለለ። «ሙሉ ስም እስከ አያት» የሚል አንድ ረዘም ያለ ሳጥን ይበቃል። የግድ መለየት ካለበት «የራስ ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ይባል፤ የአያትን ደግሞ ግዴታ አታድርጉት።

ማጣሪያው የባሰ ነው። ከኢንተርኔት የሚቀዳው የተለመደ ኮድ ስም ውስጥ የላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላል። አማርኛ ሲጻፍበት «ኢንቫሊድ ኔም» ይላል። ፊደሉን የሚቀበሉት ደግሞ ሕዝባር ላይ ይወድቃሉ፤ ገ/መድኅን እና ወ/ማርያም በስማቸው መሃል «የማይፈቀድ ምልክት» አለባቸው። ስሙን በሲዳምኛ በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰውም በፊደላቱ መሃል ከፍ ብላ የምትገባው ጭረት (') ትከለከልበታለች። የሁሉም አውራ ግን «ስም ቢያንስ 3 ፊደል ይሁን» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ 3 ፊደል ትንሽ ነው። በአማርኛ ግን ሳራ 2 ፊደል ናት። ቤዛም፣ ሊያም፣ ሙሉም። ስሟን በትክክል የጻፈች ልጅ «ስምዎ አጭር ነው» ተብላ ትመለሳለች። ስም ላይ ባዶ አለመሆኑን ብቻ አጣሩ፤ ሌላው ሁሉ ይነሳ።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ በስም የሚያመሳክሩም አሉ። ይህ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ሦስት ሰው የሚሆኑበት ዘዴ ነው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ማመሳከር ካስፈለገ በስልክ ቁጥር ይሁን፤ ያም ቢሆን የተደገመውን ሰው ይየው እንጂ ሲስተሙ በራሱ አይሰርዝ፤ በአንድ ስልክ ሁለት ወንድማማቾች ሊመዘገቡ ይችላሉ። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት የሚለው ምርጫ ደግሞ ለግጥም ውድድር ምን ያደርጋል? ሴት ተወዳዳሪዎችን ብቻ ስለ ጋብቻቸው መጠየቅ ነው።

አድራሻው ላይ «ስትሪት አድሬስ» እና «ዚፕ ኮድ» በቀይ ኮከብ ታጅበው ይመጣሉ። እዚህ አገር ሰው አድራሻውን የሚናገረው በክፍለ ከተማና በቀበሌ ነው፤ ታቦር፣ ባህል አዳራሽ፣ ሀይቅ ዳር ብሎ። ዚፕ ኮድ ሲገደድ 0000 ወይም 12345 ይጽፋል። ፎርሙ በዚህ ይረካል፤ አዘጋጁም በማንም የማይነበብ ውሸት ይሰበስባል። የክልል ዝርዝሩ ደግሞ ለሐዋሳ ሰው ልዩ ፈተና ነው። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ በሰኔ 2012 ክልል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከትለው ክልሎቹ 12 ደርሰዋል። ብዙ ፎርም ላይ ግን የተቀዳው 9 ክልልና 2 ከተማ የነበረበት አሮጌ ዝርዝር ነው። ሐዋሳ የተቀመጠ ሰው «ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች»ን ይምረጥ? ወይስ «ሌላ»ን? ከተማውን ሊፈልግ ቢሞክርም ዝርዝሩ ሐዋሳን በላቲን ያለ ኤች በድሮው አጻጻፍ አስቀምጦት ይሆናል፤ በኤች ጀምሮ ሲጽፍ ምንም አይመጣም። አዳማም ናዝሬት በሚለው ስሟ ተደብቃ ትገኛለች። ለመመዝገቢያ «የሚኖሩበት ከተማ» የሚል፣ በነጻ የሚጻፍበት ሳጥን ይበቃል። ቀበሌና የቤት ቁጥር ያሸነፈው ሰው ይጠየቅ።

ስልክ ላይ በብዛት የሚገኘው ስህተት 09 ብቻ መቀበል ነው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ሞልቷል፤ ማጣሪያው ግን አልሰማም። ሌላው ሳጥኑን «ቁጥር» የሚል ዓይነት መስጠት ነው። ስልክ የሚደመር የሚቀነስ ቁጥር ስላልሆነ ቀዳሚዋ ዜሮ ተበልታ ትቀመጣለች። በ251 የጀመረውን፣ ክፍተት እያደረገ የጻፈውን፣ የመደመር ምልክት ያስቀደመውን ሁሉ ተቀበሉ። ከዚያ በጓዳ ከአሃዝ ውጭ ያለውን አራግፋችሁ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ውሰዱ። በ9 ወይም በ7 ከጀመሩ የሞባይል ቁጥር ነው። ይህ ሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ተወዳዳሪው ፊት ግን ምንም ቀይ ነገር አይወጣም።

ፎርሙ ደህና ሆኖ ኤክሴል የሚያበላሸውም አለ። የተመዝጋቢዎች ዝርዝር በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ ፋይል) ወርዶ በድርብ ጠቅታ ሲከፈት ከስልኮቹ ዜሮ ይወድቃል፣ 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በ«ኢ+12» ይታጠፋል፣ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው አሃዝ ወደ 0 ይቀየራል፤ ኤክሴል 15 አሃዝ ብቻ ነውና የሚይዘው። አማርኛው ተመሰቃቅሎ ከመጣ ፋይሉ የዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚያስቀምጥበት ዘዴ) መለያ ምልክት ሳይኖረው ስለወጣ ነው። ድርብ ጠቅታውን ትታችሁ «ዳታ» ከሚለው ገብታችሁ ፋይሉን አስገቡ፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ ዓምዶቹን «ቴክስት» አድርጉ። የተበላሸውን አንዴ ሴቭ ካደረጋችሁት የጠፋው አሃዝ አይመለስም።

የትውልድ ቀን ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ቦታ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ሳጥኑ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚፈልግ ካልነገረው 1994 ብሎ ይጽፋል። ፎርሙ እንደ ፈረንጅ ይወስደዋል። በ2018 ዓ.ም. 24 ዓመቱ የሆነው ልጅ 32 ተደርጎ «የዕድሜ ገደቡን አልፈዋል» ይባላል። ይህን መልእክት አንብቦ የሚከራከር ጥቂት ነው፤ ብዙው ትቶት ይሄዳል። በካሌንደር የሚያስመርጡትም አያድኑም፤ አንዳንዱ በወር በወር ብቻ ስለሚመለስ 24 ዓመት ለመመለስ 288 ጊዜ መጫን ነው፣ ያውም በባጃጅ ውስጥ ሆኖ በስልክ። የኢትዮጵያን ካሌንደር እናስገባ ያሉትም አንዳንዶቹ 12 ወር ደርድረው ጷጉሜን ይረሳሉ። የዕድሜ ገደብ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ቀኑ የግድ ካስፈለገ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ሳጥኖች፣ ከጎናቸውም «ኢትዮጵያ / አውሮፓ» የሚል ምርጫ። መለወጡ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው።

የመዝጊያ ሰዓትም ያው ነው። «እስከ ዓርብ 6:00» ሲባል እኩለ ቀን ነው፣ እኩለ ሌሊት ነው፣ ወይስ ማለዳ? ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ከተዋቀረ ደግሞ «11:59 ፒኤም» ያሉት እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:59 ላይ ይዘጋል። አስተያየቴን ከጠየቃችሁ መዝጊያ ሌሊት አይሁን። ዓርብ ቀን 10 ሰዓት አድርጉት፤ ፎርሙ እንቢ ያለው ሰው ደውሎ የሚያገኘው ሰው ቢሮ ይኖራል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ሳጥን፣ ማለትም ውድድሩ ራሱ ወዳለበት። «ቢያንስ 300 ቃል ይጻፉ» ይላል፤ ሰውየው 600 ቃል ጽፎ ቆጣሪው 0 ያሳየዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎች ቃል የሚቆጥሩበት የተለመደ ኮድ የላቲን ፊደላትንና አሃዞችን ብቻ እንደ ቃል ያያል፤ ለእሱ አማርኛ ባዶ ወረቀት ነው። በክፍት ቦታ መቁጠር ይሻላል፤ ሁለት ነጥብ እየከተበ የሚጽፍ ስላለ «፡»ም እንደ ክፍት ቦታ ትቆጠር። በነገራችን ላይ የቃል ገደብ ከእንግሊዝኛ ደንብ ላይ ሲቀዳ ሚዛኑ ይስታል። «አልነገርኳቸውም» እኛ ጋ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አራት ይፈልጋል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚቀበል ውድድር ለሁለቱ አንድ ገደብ ካወጣ እያዳላ ነው።

የፊደል ገደብም ይዋሻል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው 1። ገጹ በፊደል ቆጥሮ «1,400 ከ1,500» እያለ ያበረታታል፤ ሰርቨሩ በባይት ቆጥሮ 4,000 ገደማ ያገኝና «ረዝሟል» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ የከፋው ዝም ብሎ የሚቆርጠው ነው። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ «ቴክስት» የሚባለው ዓምድ የሚይዘው 65,535 ባይት ነው። 5,000 ቃል የሆነ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ይገባበታል። የአማርኛውን አንድ ቃል በአማካይ 5 ፊደል ብንይዝለት ከክፍተቶቹ ጋር 80,000 ባይት ይመጣል። ጥብቅ ሁኔታው የጠፋ ዳታቤዝ ከሆነ የሚተርፈውን ቆርጦ ይጥልና «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግበዋል» ይላል። ዳኛው ልቦለዱ መጨረሻ የለውም ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ዓምዱን «ሚዲየምቴክስት» ማድረግ አንድ ትእዛዝ ነው። ጽሑፉ በጥያቄ ምልክት ብቻ ተሞልቶ ከመጣ ግን ዳታቤዙ ጨርሶ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የሚያቅፈው ሥርዓት) አልሆነም ማለት ነው፤ የጠፋው አይገኝም። እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከመጡ ደግሞ ጸሐፊው የቆየ፣ ዩኒኮድ ያልሆነ የግዕዝ ፎንት ተጠቅሞ ለጥፎ ሊሆን ይችላል። እሱን ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክ ጠይቁት እንጂ አትጣሉት።

ልቦለድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጽፍም አለ። ብዙ ፎርም የሚሠራበት ፒኤችፒ የተባለው የኮድ ቋንቋ በፋብሪካው ቅንብር ለሰውየው ቆይታ የሚሰጠው 1,440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። በ40ኛው ደቂቃ «ላክ» ሲል ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል፤ ጽሑፉ የለም። መብራት ቢሄድም ያው። የተጻፈውን በየ20 ሰከንዱ ብሮውዘሩ ውስጥ ማስቀመጥ ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን ከተላከ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ኢንተርኔት ቤት ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው እንዳያነበው። ጉግል ፎርም አካውንት ገብቶ ለሚሞላ ሰው ረቂቁን ለ30 ቀን ያቆያል፤ ፋይል ማስገቢያ ካለበት ግን የጉግል አካውንት ያስገድዳል። ጂሜሉን ስልክ የሸጠለት ልጅ ከፍቶለት የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው እዚያ ላይ ይቀራል።

ፋይል መጫን ላይ ነው ኔትወርኩ የሚገባው። 5 ሜጋባይት ፎቶ በግማሽ ሜጋቢት ፍጥነት ሲላክ 80 ሰከንድ ይወስዳል፤ በመሃል ከተቋረጠ ከዜሮ ነው። «ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ» የሚለውን ገደብ ብዙ ጊዜ ማንም አስቦ አላወጣውም፤ ፒኤችፒ ይዞት የመጣ ቁጥር ነው። አጠቃላዩ ከ8 ሜጋባይት ሲያልፍ ደግሞ ፒኤችፒ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የተሞላውን ሁሉ ይጥለዋል። ገጹ ባዶ ሆኖ፣ ምንም ሳይናገር ይመለሳል። «ሞልቼ ነበር፣ ጠፋብኝ» የሚል ስልክ ከበዛባችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። ሁለቱን ቁጥሮች ከፍ አድርጉ፤ ጽሑፉን መጀመሪያ መዝግቡ፣ ፋይሉ በሁለተኛ ገጽ ይምጣ። ለፎቶ ውድድር ረጅሙ ጎን 2,000 ፒክስል እንዲሆን እዚያው ስልኩ ላይ አሳንሶ መላክ ይቻላል፤ ኦሪጅናሉን ለፍጻሜ ከደረሱት ብቻ ጠይቁ። የፋይል ስምም ነገር አለው። «የሐይቁ ማታ» ብሎ ሴቭ ያደረገውን ሰርቨሩ አማርኛውን ሁሉ አጥቦ ባዶ ስም ያደርገዋል፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ በላዩ ላይ ይጻፋል። ሁሉንም በመመዝገቢያ ቁጥር ሰይሙ።

ከዚያ «ሮቦት አይደለሁም»። የእሳት አደጋ ቧንቧ ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ይላል። ሐዋሳ ተወልዶ ላደገ ልጅ ቀዩ ድንክ ብረት ምን እንደሆነ ማን ነገረው? ባጃጅ ምረጥ ቢለው በአንድ ዓይኑ ነበር። ድምፃዊው አማራጭም በፈረንጅ አፍ የሚንሾካሾክ እንግሊዝኛ ነው። ለትንሽ ውድድር ከዚህ የሚሻል ዘዴ አለ፤ ሰው የማያየው አንድ ባዶ ሳጥን አስቀምጡ፣ የሞላውን ሮቦት በሉት። በስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው እንዳይገባበት «ይህን ባዶ ይተዉት» የሚል ጽሑፍ ይኑረው።

ዓይነ ስውር ተወዳዳሪ ፎርሙን እንዴት እንደሚያገኘው ለማወቅ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑና ስክሪኑን አጥፉት። ታብ ስትጫኑ «ኤዲት፣ ብላንክ» ይላል። እንደገና ታብ፤ «ኤዲት፣ ብላንክ»። የትኛው ስም፣ የትኛው ስልክ እንደሆነ የለም። ከሳጥኑ በላይ የተጻፈው «የአባት ስም» ለዓይን ቅርብ ነው፤ በኮዱ ግን ከሳጥኑ ጋር አልታሰረም። ሌብሉን፣ ማለትም ይህን መጠሪያ፣ በሳጥኑ መለያ ማሰር ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ነው። ሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ ግራጫ የሚጻፈው ፍንጭ ሌብልን አይተካም፤ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ገጹ አማርኛ ሆኖ ኮዱ ላይ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ሊያነብ ይሞክራል፤ ይዘለዋል ወይም ያንተባትበዋል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ ድምፅ አማርኛ ያውቃል፤ ገጹ ላይ የቋንቋው መለያ አማርኛ መባሉ ብቻ ነው የሚጎድለው።

ስህተት ሲኖር ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ብቻውን ለማያይም፣ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይም ምንም አይናገርም። ከላይ ጥግ ላይ «3 ስህተቶች አሉ» ማለትም አይበቃም። ስህተቱ ከሳጥኑ ሥር በቃል ይጻፍ፣ ጠቋሚውም የመጀመሪያው ስህተት ላይ ይቁም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ዊካግ 2.2 የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሌላም ይጠይቃል፤ ተራው ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም በድምቀት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለይ፣ የሚነካው ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን። ለአማርኛ ፊደል ግን ከዚህም ላይ ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ በ12 ፒክስል ኸና ኽ፣ ቨና ቬ አይለዩም። 16 እና ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ከ16 ሲያንስ አይፎን ሳጥኑ በተነካ ቁጥር ገጹን እያጎላ ያስቸግራል። ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው።

አማርኛው ራሱም ይታይ። «እባክዎ የሚሰራ እሴት ያስገቡ» ብሎ የሚናገር ሰው የለም። «ስልኩ አንድ አሃዝ ጎድሎታል» ይባል። «ስምህን አስገባ» የሚለው ግማሹን ተወዳዳሪ በወንድ አንቀጽ ይጠራል፤ «ያስገቡ» ከዚህ ያወጣል። «ላክ» አጠገብ «አጽዳ» የሚል እኩያ ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ይነሳ።

ከተላከ በኋላ «እናመሰግናለን» ብቻ ብሎ የሚዘጋ ፎርም ሰው ሁለቴ ሦስቴ እንዲመዘገብ ያደርጋል። የመመዝገቢያ ቁጥር ስጡት፤ በጽሑፍ፣ ኮፒ የሚደረግ፣ ስክሪንሹት የሚነሳ። አጭር መልእክትም ላኩለት። በአማርኛ ከሆነ በአንድ መልእክት 70 ፊደል ነው የሚገባው፤ በላቲን ፊደል 160 ነው። ካለፈ ሁለት ሆኖ ይላካል፣ የሁለትም ያስከፍላችኋል።

ከመክፈታችሁ በፊት ለሙከራ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ርካሽ አንድሮይድ ስልክ አንሱ፣ ዋይፋዩን አጥፉት፣ በዳታ ግቡ። ስም ላይ «ሳራ ገ/መድኅን ኃይሉ» በሉ፣ ስልኩ በ07 ይጀምር፣ የትውልድ ዓመት 1994 ጻፉ። የአማርኛ ጽሑፍ ለጥፋችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ላኩ። እንደገና ሞልታችሁ «ላክ» ከማለታችሁ በፊት የአውሮፕላን ሞዱን አብሩት። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ማውሱን ነቅላችሁ በታብ ብቻ እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ ገጹን 200 በመቶ አጉልታችሁ ድገሙት። በመጨረሻም ዝርዝሩን አውርዳችሁ የሳራን መስመር እዩት፤ ስልኩ ላይ ዜሮዋ አለች?